የነጻ ገበያ አስተሳሰብ ከአናርኪዝም ወገን ይቆጠራልን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በአንኮበር አካባቢ የፖለቲካ ፍልስፍና የሚያነቡ ወጣቶች ሲወያዩ ነጻ ገበያን የሚደግፍ ሰው አናርኪስት ሊባል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ደጋግሞ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይቋጭ ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረቡት በዚሁ ክርክር ውስጥ የሚዘወተሩት ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አናርኪዝም የሚቃወመው ምኑን ነው?

አናርኪስቶች ሥርዓት አይኑር፣ ሁሉም እንዳሻው ይሁን አይሉም። የሚቃወሙት አንዱ ሰው በሌላው ላይ ያለ ፈቃዱ የሚያዝበትን፣ ታዛዡም እምቢ ለማለት አቅም የሚያጣበትን ግንኙነት ነው። በዚህ ረገድ ዋነኛው ተከሳሽ መንግሥት ቢሆንም ብቸኛው ግን አይደለም፤ የመሬት ከበርቴ በጭሰኛው ላይ፣ ባለፋብሪካም በሠራተኛው ላይ ያለው ሥልጣን አብሮ ይከሰሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር በሙሉ የሚያርፈው አናርኪዝም መንግሥትን ብቻ መቃወም ነው ወይስ ማናቸውንም የበላይነት መቃወም በሚለው ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ገበያን የደገፉ አናርኪስቶች በእርግጥ ነበሩን?

ነበሩ፤ ያውም ከመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። ራሱን በይፋ አናርኪስት ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ጸሐፊ ፈረንሳዊው ፒዬር ዦዜፍ ፕሩዶን (1809–1865) ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው በ1840 ባሳተመው «ንብረት ምንድን ነው?» በተባለው መጽሐፉ ነው። ፕሩዶን በቤዛንሶን ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ በማተሚያ ቤት ፊደል በመልቀም የኖረ ሰው በመሆኑ፣ የሚመኘው ኅብረተሰብ ገበሬዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች የሥራቸውን ውጤት በውል የሚለዋወጡበት ነበር። በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ሰዎች ይገበያያሉ፣ ይፎካከራሉም፤ በላያቸው ግን አለቃም አራጣ አበዳሪም አይኖርም።

በአሜሪካ ደግሞ ጆሳያ ዋረን (1798–1874) ሐሳቡን በወረቀት ከማስፈሩ በፊት በተግባር ሞክሮታል። በ1827 በሲንሲናቲ ከተማ በከፈተው ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር። ደንበኛው ዕቃውን የሚወስደው ባለሱቁ ራሱ በገዛበት ዋጋ ላይ የማጓጓዣውና የመሰል ወጪው ብቻ ታክሎበት ነው፤ ባለሱቁ ዕቃውን መዝኖ እስኪያስረክብ የፈጀበት ጊዜ ግን በሰዓቱ ይለካና፣ ደንበኛው ለዚያው ያህል ጊዜ በራሱ ሙያ ለመሥራት ቃል የሚገባበትን ወረቀት ፈርሞ ይሰጣል፤ አናጢው የአናጢነቱን፣ ልብስ ሰፊው የስፌቱን። ዋረን መርሑን «ዋጋ ከወጪ አይለፍ» በሚል ሐሳብ ያጠቃልለዋል። በ1830 ሱቁን የዘጋውም ከስሮ ሳይሆን፣ ሐሳቡ እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ወደ ሌላ ሙከራ ለመሻገር ነበር። ይህ ገበያ ነው፤ ዋጋ አለው፣ ገዢና ሻጭ አለው፣ ማንም ማንንም አያስገድድም። ይህን ካየ በኋላ «ገበያና አናርኪዝም ፈጽሞ አይገናኙም» የሚል ሰው የታሪኩን መጀመሪያ ቆርጦ መጣል ይኖርበታል።

የዚህ መስመር ዋነኛ አንደበት የሆነው ቤንጃሚን ተከር (1854–1939) ሲሆን፣ ከ1881 እስከ 1908 «ነጻነት» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠውን ጋዜጣ አሳትሟል። ተከር ድሃው ድሃ ሆኖ የሚቀረው ገበያው ነጻ በመሆኑ ሳይሆን ነጻ ባለመሆኑ ነው ይላል። መንግሥት አራት ሞኖፖሊዎችን ያቆማል፤ ገንዘብ የማውጣትና የማበደር መብትን ለጥቂቶች ይሰጣል፣ ያልታረሰና ያልተኖረበት መሬት በባለስም እንዲታጠር ይፈቅዳል፣ በጉምሩክ ቀረጥ የአገር ውስጥ ባለሀብቶችን ከውድድር ይከልላል፣ በፓተንትና በድርሰት መብት ደግሞ ሐሳብን ያጥራል። እነዚህ አራቱ ቢነሡ ፉክክር ወለድን፣ ኪራይንና ትርፍን ወደ ታች አውርዶ የሠራተኛውን ድካም ለራሱ ለሠራተኛው ይመልሳል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው።

ታዲያ ተከር ራሱን ሶሻሊስት ማለቱ እንዴት ነው? እኛ የምናውቀው ሶሻሊዝም የደርግን ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ አካባቢ ገበሬ ሶሻሊዝም ሲባል የሚያስታውሰው ኮታን ነው፤ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ያህል ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት በተቆረጠለት ዋጋ ማስረከብ ነበረበት፣ እህልም ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር በየመንገዱ ኬላ ይቆም ነበር። ይህ አሠራር የቀረው በየካቲት 1982 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። ያን ያየ ሰው ገበያ ማለት ነጻነት፣ ሶሻሊዝም ማለት ኬላ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ተከር በሚጽፍበት ዘመን ሶሻሊዝም ማለት በመጀመሪያ ደረጃ «ሠራተኛው የድካሙን ሙሉ ዋጋ ለምን አያገኝም?» የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ነበር። ለጥያቄው ማርክስ በመንግሥት በኩል፣ ተከር ደግሞ በነጻ ውድድር በኩል መልስ ሰጡ። ሁለቱም መነሻቸው አንድ ስለሆነ ተከር ሁለቱን የሶሻሊዝም ሁለት መንገዶች አድርጎ አነጻጽሯቸዋል። የኢትዮጵያ የተማሪዎች ንቅናቄ ባመዛኙ ማርክሲስት ሌኒኒስት ስለነበር ይህ ሁለተኛው መንገድ በአማርኛ ሳይሰማ መቅረቱ ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንባቢው ከመንግሥት ኮታና ከባለሀብት ሎሌነት በቀር ሌላ ምርጫ እንደሌለ አድርጎ እንዲያስብ ተገድዷል።

ፕሩዶን «ንብረት ስርቆት ነው» ብሏል። ንብረትን ስርቆት ያለ ሰው ስለ መሸጥና መግዛት እንዴት ሊናገር ይችላል?

ፕሩዶን ስርቆት ያለው ገበሬው የሚያርሰውን ማሳ ወይም ሸማኔው የሚሠራበትን የሸማኔ ዕቃ አይደለም። እነዚህን ይዞታ ብሎ ከንብረት ለይቷቸዋል። ያወገዘው ሰው በማያርሰውና በማይኖርበት ነገር ላይ ስሙን አስፍሮ፣ የሚሠራበትን ሰው እየከፈለኝ ይኑር የሚልበትን መብት ነው። በኋለኛ ጽሑፎቹ ደግሞ ንብረት መንግሥትን የሚገዳደር የነጻነት ምሽግም እንደሚሆን ተናግሯል፤ ሁለቱ አነጋገሮች የሚጋጩ የሚመስሉትም ይህን ልዩነት ላላጤነ ሰው ነው።

የሰሜን ሸዋ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በቀድሞው ሥርዓት በርስትና በጉልት መካከል የነበረውን ልዩነት ማስታወስ ይበቃዋል። ባለጉልቱ መሬቱን አያርስም፤ ከዘውድ በተሰጠው መብት ግን ካራሹ ግብር ይቀበላል። ፕሩዶን ያወገዘው የገቢ ዓይነት በትክክል ይህ ነው። ርስት ግን የፕሩዶን ይዞታ ነው ማለት አይደለም፤ ርስት በዘር ሐረግ ሲቆጠር፣ የእርሱ ይዞታ በመሥራት የሚጸና ነውና።

እቁብ ከዚህ ሐሳብ ጋር ይዛመዳልን?

ይዛመዳል፤ እኔ ግን ሰዎች ከሚሉት በተለየ ምክንያት ነው የምለው። አብዛኛውን ጊዜ እቁብ የሚጠቀሰው ያለ መንግሥትና ያለ ባንክ ገንዘብ የሚሰበሰብበት መንገድ ስለሆነ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ዳኛና ጸሐፊ በአባላቱ ይመረጣሉ፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ያቀርባል፣ ያላዋጣ በዋሱ ይጠየቃል፣ አለመግባባት ሲነሣም በቅድሚያ ዳኛው ያየዋል። ፕሩዶንም በ1849 የሕዝብ ባንክ የተባለውን ድርጅት ያቋቋመው ሠራተኞች እርስ በርሳቸው እንዲበዳደሩና ወለዱ ከአስተዳደር ወጪ እንዳይበልጥ ነበር። ባንኩ በወጉ ሥራ ሳይጀምር ፕሩዶን ፕሬዚዳንት ሉዊ ናፖሊዮን ቦናፓርትን በጽሑፍ በመንቀፉ የሦስት ዓመት እስራት ስለተፈረደበት ተዘጋ።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የዕጣ ሽያጭ ነው። በነጋዴዎች እቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን በዚያ ሳምንት ባይፈልገው፣ ዕቃ አራግፎ ክፍያ የሚጠበቅበት ሌላ አባል ተነሥቶ ዕጣውን ይገዛዋል፤ ከሙሉው ገንዘብ ላይ ጥቂት ለሻጩ ይቆርጥለትና ቀሪውን ይዞ ይሄዳል። ያ የተቆረጠው ምንድን ነው? በስሙ ባይጠራም የጊዜ ዋጋ፣ ማለትም ወለድ ነው። ፕሩዶን እስር ቤት ሳለ ከ1849 መጨረሻ እስከ 1850 መጀመሪያ ከኢኮኖሚ ጸሐፊው ፍሬዴሪክ ባስቲያ ጋር በጋዜጣ የተከራከረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ባስቲያ ማበደር አገልግሎት ስለሆነ ክፍያ ይገባዋል ይላል፤ ፕሩዶን ደግሞ ሰዎች እርስ በርስ ብድር ካደራጁ ለዚህ ክፍያ ምክንያት አይኖርም ይላል። እቁቡ ሁለቱንም በከፊል ያርማቸዋል ብዬ አስባለሁ። ክፍያው አልጠፋም፤ በዚህ ባስቲያ ረትቷል። ነገር ግን ክፍያውን የሚቀበለው በየሳምንቱ እኩል የሚያዋጣ፣ ነገ ደግሞ ራሱ ዕጣ ገዢ ሊሆን የሚችል ጓደኛ እንጂ ከመበደር በቀር ምርጫ በሌለው ሰው ላይ የቆመ አበዳሪ አይደለም፤ የፕሩዶን ስጋትም ከዋጋው ይልቅ ይህን መቆም የሚመለከት ነበር። ገበያ በእኩዮች መካከል ሲሆን ገዢ መደብ አይወልድም የሚለው የእነ ተከር እምነት እዚህ ላይ ተጨባጭ መልክ ይዞ ይታያል።

አናርኮ ካፒታሊዝም የሚባለውስ? እርሱም የአናርኪዝም ቅርንጫፍ ነውን?

ክርክሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ቀርቶ ጥበቃና ዳኝነት ሳይቀሩ በግል ድርጅቶች በገበያ ይቅረቡ የሚለውን ይህን አስተሳሰብ በዋነኝነት ያደራጀው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ መሬይ ሮትባርድ (1926–1995) ነው። ሥሩ ግን ወደ ሌላ ቤት ያደርሰናል፤ የቤልጅጉ ተወላጅ ጉስታቭ ደ ሞሊናሪ በ1849 ባሳተመው ጽሑፍ የጸጥታ ጥበቃም እንደማንኛውም ሸቀጥ በፉክክር ሊቀርብ እንደሚገባ ተከራክሮ ነበር፤ ይሁንና ሞሊናሪ ራሱን የሚቆጥረው ከሊበራል ኢኮኖሚስቶች ወገን ነበር። ሮትባርድ የሞሊናሪን ሐሳብ የኦስትሪያ ትምህርት ቤት ከሚባለው ገበያ ደጋፊ የኢኮኖሚ አስተሳሰብና ከተከር ጸረ መንግሥትነት ጋር አዋሃደው።

አዋሃደው ስል ግን ሁሉንም ወሰደ ማለቴ አይደለም። በ1965 ስለ ስፑነር (ከታች ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊ አናርኪስት) እና ስለ ተከር አስተምህሮ በጻፈው መጣጥፍ የፖለቲካ አቋማቸውን አድንቆ፣ በገንዘብና በመሬት ላይ ያላቸውን ሐሳብ ስሕተት ብሎ ጥሎታል። ወለድና ኪራይ በነጻ ገበያ ውስጥም ጸንተው ይኖራሉ፣ የማይታረስ መሬትም የባለቤቱ ነው ብሏል። ተከርን ሶሻሊስት ያሰኘው ክፍል እንግዲህ የተጣለው ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ሮትባርድ ራሱ በ1950ዎቹ በጻፈውና በዚያን ጊዜ ሳያሳትመው ባስቀመጠው ጽሑፍ የእርሱ ወገኖች አናርኪስቶች ናቸውን ብሎ ጠይቆ፣ የአናርኪዝምን ታሪክ ከመረመረ በኋላ አይደሉም ወደሚል መደምደሚያ ደርሶ ነበር። በኋላ ስሙን መቀበሉ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ፍርዱ ይበልጥ ትክክል ይመስለኛል።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የገበያ አስተሳሰብ ከአናርኪዝም ወገን ነው፣ ካፒታሊዝም ግን አይደለም። መለያው መስመር በመሸጥና ባለመሸጥ መካከል ሳይሆን፣ ሠርቶ በያዘና በሌላው ሥራ ላይ ስሙን አስፍሮ በሚኖር መካከል ያልፋል።

የግል ጥበቃ ድርጅትና የግል ዳኛ መንግሥትን ከተኩ፣ መንግሥት ቀረ ማለት አይደለምን?

ጥበቃውን የሚቀጥረው ማን እንደሆነ ካልተጠየቀ በቀር መልስ የለውም። የአንድ ቀበሌ ሰዎች ተዋጥተው ዘበኛ ቢቀጥሩና ሲያጠፋ ቢያሰናብቱት፣ አናርኪስት የሚነቅፈው ነገር እምብዛም አይኖርም። አንድ ሰው ግን ሰፊ መሬት ይዞ፣ በላዩ የሚኖሩትን ሁሉ በራሱ ዘበኞች እየጠበቀ፣ በራሱ ዳኛ እየዳኘ፣ ኪራይ እየሰበሰበ ቢኖር፣ ያ ሰው በግዛቱ ውስጥ ብቸኛ ኃይል ያለው፣ ግብር የሚቀበልና ሕግ የሚያወጣ ገዢ ነው። የሸዋ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ሰው መሳፍንትና ባላባት እያለ ሲጠራው ኖሯል።

ሁሉም ነገር በስምምነት ከሆነ የበላይነት ከየት ይመጣል?

ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) የሸዋ ታላቅ ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች እዚያ ይደርሳሉ፣ የአሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ከአሊዩ አምባ አቅራቢያ ባለችው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰዎች ይሸጡ ነበር። እዚያ ሻጩና ገዢው በዋጋ ይስማማሉ፤ ውሉም ያለ ማስገደድ በሁለቱ መካከል ይፈጸማል። የተሸጠው ሰው ግን አልተስማማም። ስለ ነጻ ገበያ የሚነጋገር የዚህ አገር ሰው ይህችን ቦታ ሊዘነጋት አይገባም እላለሁ፤ ስምምነቱ ፍትሐዊ ነው ከመባሉ በፊት፣ የሚሸጠው ነገር መጀመሪያ የሻጩ ነበርን ተብሎ መጠየቅ አለበትና።

ከአሜሪካ የግለሰብ ነጻነት አናርኪስቶች አንዱ የሆነው ላይሳንደር ስፑነር (1808–1887) ይህን ጥያቄ በግንባር ቀደምነት ካነሡት መካከል ነው። በ1845 ባርነት ሕገ መንግሥታዊ አይደለም የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያ በፊት በ1844 ደግሞ የመንግሥትን የፖስታ ሞኖፖሊ የሚፎካከር የደብዳቤ ማመላለሻ ኩባንያ አቋቁሞ በርካሽ ዋጋ ሲሠራ በመንግሥት ጫና ተዘግቶበታል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ባርነትን መዋጋትና ለነጻ ውድድር መቆም አብረው መገኘታቸው፣ ለእርሱ ሁለቱ አንድ ጉዳይ እንደነበሩ ያሳያል።

ቅጥር ሥራን በተመለከተ ገበያን ከሚደግፉት አናርኪስቶች መካከል ልዩነት አለ። ተከር የቅጥር ውልን በራሱ አይኮንንም፤ ሞኖፖሊ ከጠፋ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ፍለጋ ስለሚሻሙ ደመወዝ ሙሉ የሥራ ዋጋ ይሆናል ብሎ ያምናል። ፕሩዶን ግን ትልልቅ ሥራዎች በሠራተኛ ማኅበራት እጅ እንዲሆኑ ይሻል። በዚህ ነጥብ ላይ ፕሩዶንን እመርጣለሁ።

ክሮፖትኪን ግን ገበያን ይቃወማል። እርሱ ከተቃወመ ነገሩ ያለቀለት አይደለምን?

ሩሲያዊው ፒዮትር ክሮፖትኪን (1842–1921) አናርኮ ኮሙኒስት ነው፤ ማለትም ያለ መንግሥትም ያለ ገበያም ሀብት የጋራ ሆኖ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይጠቀም ይላል፤ በ1892 በታተመው ዳቦን ስለ መቀዳጀት በጻፈው መጽሐፉ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለይቶ መክፈል እንደማይቻል ይከራከራል። ከማዕድን ጉድጓድ ከሰል ሲወጣ ቆፋሪው፣ ማንሻውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ማሽኑን የፈለሰፈውና መንገዱን የሠራው ሁሉ አሉበት፤ ታዲያ የማን ድርሻ ስንት ነው? ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ደቦ ወጥቶ ያጨደ ሰውም የክርክሩ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል።

ነገር ግን ገበያን መቃወም አንድ ነገር ነው፣ የሚደግፉትን ከታሪኩ ማስወጣት ሌላ ነው። ክሮፖትኪን ራሱ በ1910 ለብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ አናርኪዝም በጻፈው መጣጥፍ ፕሩዶንን፣ ዋረንንና ተከርን እየነቀፈም ቢሆን በታሪኩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ቮልተሪን ደ ክሌርም (1866–1912) ከተከር ጎራ ተነሥታ በኋላ «ቅጽል የሌለው አናርኪዝም» የሚለውን አቋም ይዛለች፤ ሰዎች የወደፊቱን ኢኮኖሚ በየአካባቢያቸው ሞክረው ይምረጡ፣ እኛ ከወዲሁ አናስገድዳቸው ማለቷ ነበር።

የመንዝ ጓሳስ? ገበያም መንግሥትም ያልሆነ ነገር አይደለምን?

ነው። ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰዎች በጋራ ሲጠብቁት የኖሩት ውርጫማ ሣር ምድር ነው። በቀድሞው ሥርዓት በመረጡት ሹም አማካይነት ለዓመታት ይዘጉት፣ ሣሩ ሲደርስ ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ እንዲታጨድ ይከፍቱት፣ ጥሶ የገባውንም ይቀጡ ነበር። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የጋራ ሀብት ያለ መንግሥትም ያለ ግል ባለቤትም ሊጠበቅ እንደሚችል ከልዩ ልዩ አገሮች ባሰባሰበችው ማስረጃ አሳይታ በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች፤ ጓሳም ያንኑ ይመሰክራል። ሆኖም መብቱ የተወሰኑ አባቶች ዘር ለሆኑት ብቻ ነበርና፣ ከዘሩ ውጪ የሆነ ሰው ሣሩን እያየ ያልፍ ነበር። ጓሳን የአናርኪዝም ገነት አድርጎ ማቅረብ ለእነዚያ ሰዎች ፍትሐዊ አይሆንም።

ገበያን የሚደግፍ አናርኪስት ዛሬ ስለ መሬት ሽያጭ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። ከየካቲት 25 ቀን 1967 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመሬት አዋጅ ወዲህ ክርክሩ መሬት በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ይሸጥ በሚሉት ሁለት አማራጮች ላይ ተወስኗል። የተከር መስመር ሁለቱንም አይቀበልም። መንግሥት ብቸኛ ባለመሬት ከሆነ ገበሬው የአንድ ታላቅ ባለርስት ጭሰኛ ይሆናል፤ ሽያጩ ያለ ገደብ ከተፈቀደ ደግሞ በክፉ ዓመት የተቸገረው ይሸጣል፣ ከተማ የተቀመጠው ይሰበስባል። የመስመሩ መልስ የባለቤትነት መብት የሚጸናው በመያዝና በመጠቀም ብቻ ነው የሚል ነው፤ ኬቨን ካርሰንን የመሰሉ የዘመናችን ጸሐፊዎችም ይህንኑ አድሰው ይዘውታል።

ይህ መልስ ግን በዚህ አካባቢ አንድ ከባድ ፈተና ይገጥመዋል። በሬ የሌላት፣ ልጆቿ ከተማ የገቡባት አንዲት አሮጊት ማሳዋን ለጎረቤቷ በእኩል ትሰጣለች፤ እርሱ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ይህን የመያዝና የመጠቀም ሕግ ቃል በቃል ብንወስደው መሬቱ የአራሹ ይሆንና እርሷ ባዶ እጇን ትቀራለች። ከፕሩዶን ጉልተኛ ጋር የሚያመሳስላት አንድም ነገር ግን የለም፤ በማንም ላይ አታዝም፣ የምትበላውም በሕይወት ዘመኗ ከደከመችበት ማሳ ነው። ስለዚህ በመያዝና በመጠቀም የሚለውን ሕግ የምደግፈው፣ ማን ጉልተኛ ማን ደግሞ አቅም ያጣ ባለይዞታ እንደሆነ የሚለየው የጎረቤቶች ጉባኤ እንጂ ሩቅ ያለ መዝገብ እስካልሆነ ድረስ ብቻ ነው። ተከር የጻፈው በአብዛኛው ጉልበት ያላቸው ጎልማሶች የሚዋዋሉበትን ዓለም እያሰበ ስለነበር ስለ እርሷ አንዳች የተለየ ድንጋጌ አላኖረም፤ ከዚህ አካባቢ የሚነሣ አናርኪስት መጀመሪያ ሊጨምርበት የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው።